አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ ከ33 ተማሪዎች እስከ ራስ ገዝነት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ትምህርት የጀመረ፣ በኢትዮጵያ አንጋፋው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከእርሱ በፊት በአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በቅኔ ቤት፣ በዜማ ቤትና በመጻሕፍት ቤት አንድ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወረ አሥርና ሃያ ዓመት ሲማር ኖሯል። በወሎና በሐረር የእስልምና የትምህርት ማዕከላትም እንዲሁ ከሩቅ አገር የሚመጡ ደረሳዎችን ያስተምሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ከነዚህ ከሁለቱም አልወጣም። መንግሥት ለራሱ ሥራ የሚሆኑ ሰዎችን ለማፍራት ከውጭ መምህራን አስመጥቶ የተከለው ተቋም ነው። ታሪኩን ከሥር እስከ ጫፍ ይዞት የሚሄደውም አንድ ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል፦ መንግሥት የመሠረተው፣ መንግሥት በጀት የሚቆርጥለትና ፕሬዚዳንት የሚሾምለት ትምህርት ቤት እስከ ምን ድረስ የራሱ ሊሆን ይችላል?

ነገሩን ያፋጠነው የጣሊያን ወረራ ያደረሰው ጉዳት ነው። ከወረራው በፊት ዳግማዊ ምኒልክና ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ጥቂት የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች አፍርተው ነበር፤ ከነዚያም የተወሰኑት በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው ተመልሰዋል። ጣሊያኖች የተማረውን ሰው እየለዩ ስላጠፉት፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ባዶአቸውን ቀሩ። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በርካታ ቁልፍ ሥራዎች በውጭ አገር አማካሪዎች እጅ ነበሩ። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ተማሪ ማስመረቅ ሲጀምሩም ሁሉንም ባሕር ማዶ መላክ የማይቻል ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን እንዲያቋቁሙ የመረጧቸው ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ማት ከ1938 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ቆይተዋል። ምርጫው ታሪክ ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ ሕዝቡ እርስ በእርሱ ተላልቋል፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባርረዋል። ከ300 ዓመት በኋላ የተመለሱት የዚያው ማኅበር አባላት ሃይማኖት እንዳይሰብኩ፣ የካህን ልብስ እንዳይለብሱና በመምህርነታቸው ብቻ እንዲታወቁ ተደርጎ ነው። ካናዳ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የሌላት አገር መሆኗም ሳይረዳቸው አልቀረም። የኮሌጁ ምሥረታ በ1942 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዛሬ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በሚሰጥበት በአራት ኪሎው ግቢ ትምህርት ተጀመረ። ስሙም «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ተባለ።

መጀመሪያ የታሰበው የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ይህን ጨርሰው ለዲግሪ ወደ ውጭ እንዲሄዱ ነው ዕቅዱ። ብዙም ሳይቆይ ግን ኮሌጁ ራሱ ዲግሪ ወደ መስጠት ተሸጋገረ። በ1946 ዓ.ም. በቻርተር ሕጋዊ ሰውነት አገኘና በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን ባለ ዲግሪዎች አስመረቀ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ እየኖሩ፣ እየበሉና እየተኙ ነው የሚማሩት። ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጡ ወጣቶች በአንድ መኝታ ቤት አራት ዓመት አብረው ማሳለፋቸው ያኔ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፖለቲካ ውጤቱ ከክፍል ትምህርቱ ያላነሰ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው በ1940ዎቹ ሌሎች ኮሌጆችም እዚህም እዚያም ተከፈቱ። እያንዳንዱ የየራሱ የውጭ ደጋፊ ነበረው። በሐረርጌ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተቋቋመ። የሕንፃ ኮሌጁ ከስዊድን ጋር በሽርክና ተሠራ። የምሕንድስና ኮሌጅም በአዲስ አበባ ተከፈተ። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ አመጣጥ ከሁሉም ይለያል፤ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ ለገጠር የሚሆኑ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች እንዲያወጣ ታስቦ ነው በ1946 እና 1947 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር እነዚህ ጤና መኮንኖች ያደረጉትን ሌላ ማንም አላደረገውም።

የአራት ኪሎው ግቢ ከትምህርት ባሻገር ለዓለም ሳይንስ ያበረከተው ሥራም በዚያው ዘመን ተጀመረ። አዲስ አበባ የምትገኘው ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958፣ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል የሚለካ ጣቢያ በኮሌጁ ተከፈተ። ጣቢያውን የመሩት ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ከዚያ በኋላ ትኩረታቸውን ወደ ርዕደ መሬት አዞሩ። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ፣ መሣሪያዎቹም ሰዎቹም ዝግጁ ነበሩ። ጉዋን የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከጉዞ ማስታወሻ እየለቀሙ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበዋል። ዛሬ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር የአዲስ አበባ ሰው መልስ የሚጠብቀው ከዚሁ ተቋም ባለሙያዎች ነው።

ኮሌጆቹን አንድ ያደረገው ዩኒቨርሲቲ የተተከለበት የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደግሞ የራሱ ከባድ ታሪክ አለው። ቤተ መንግሥቱ ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ማርሻል ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ የወረወሩበት በዚሁ ግቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት 3 ቀናት የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት ትእዛዝም ከዚሁ ወጣ። ጣሊያኖች ከሕንፃው ፊት ለፊት ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም አለ። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ የተቆጠረ አንድ ዓመትን እንዲወክል የተሠራ ነው። ነጻነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ፣ የያዟቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች ያሰሩት በገነተ ልዑል ነበር። ሙከራው እንደማይሳካ ሲያውቁ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተኮሱባቸው። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ እዚያ ከሞቱት መካከል ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ያለው መስታወት ላይ የቀረውን የጥይት ቀዳዳ የሙዚየሙ ጎብኚዎች አሁንም ያዩታል። በዚያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው በአዲስ አበባ መንገዶች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከጉዞ ሲመለሱ በዚያ ቤት መኖር አልፈለጉም። በ1953 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ቻርተር ወጣ፤ ቤተ መንግሥቱም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የተቃወማቸውን ተማሪ የራሳቸውን ቤት ሰጡት ማለት ነው። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» በይፋ ተመረቀ።

አሠራሩ የተቀዳው ከአሜሪካ ነው። ኮሌጆቹን በአንድ ጥላ ሥር የማዋሐዱን ጥናት የሠራው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት አመራሩን የያዙትም ከዚያው የመጡት ሃሮልድ ቤንትሊ ናቸው። ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም በ1954 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ተተኳቸው። ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ቻርተሩ ለተቋሙ ነጻነት ይሰጣል፤ የበላይ ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት ግን ባለሥልጣናት ናቸው። ሁለቱ ነገሮች ለ12 ዓመታት ሳይታረቁ አብረው ኖሩ።

እነዚያ ዓመታት በትምህርት ረገድ ፍሬያማ ነበሩ። የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. ተከፍቶ ወዲያው የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ በጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍትም በአሜሪካ ርዳታ በስድስት ኪሎ ተሠራ። በታሪክ ትምህርት ክፍል ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን ያስተማሯቸውና የቀረጿቸው ወጣቶች የኢትዮጵያን ታሪክ ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚጽፍ ትውልድ ሆኑ። ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በመካከለኛው ዘመን የጻፉት መጽሐፍ ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎትም ሊታለፍ የማይችል ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያን ለማጥናት የሚፈልግ ሰው ወደ ሮም፣ ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ ነበረበት። ብራናዎች፣ ሥዕሎች፣ መስቀሎች፣ የዜማ መሣሪያዎችና ስለ አገሪቱ በየቋንቋው የታተሙ መጻሕፍት ከየአቅጣጫው ተሰብስበው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ክፍሎች ሲቀመጡ፣ የዚያ ጥናት ማዕከል ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1958 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአገር ዕውቀትና ዘመናዊ ሳይንስ የተገናኙበት ሥራም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈፉ። በላይኛው የወንዙ ክፍል ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። የበሽታው ተሕዋስ ዑደቱን ለመጨረስ የግድ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ እንዶድ ቀንድ አውጣውን ከገደለ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የእናቶች የልብስ ማጠቢያ ከውድ የውጭ ኬሚካል ይልቅ ደሃ አገር ሊጠቀምበት የሚችል መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የዓለም የምርምር ተቋማት ግኝቱን ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ በመሆኑ ለመቀበል ብዙ ዓመታት ፈጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ።

ተማሪዎቹ በበኩላቸው ሌላ ትምህርት ይማሩ ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ነጻ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች ስለ ነጻነት ትግል፣ ስለ ፓርቲና ስለ ማኅበር የሚያወሩትን ወሬ ይዘው ገቡ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የሚነበበው ግጥም ከፍቅርና ከተፈጥሮ ወደ ገበሬው ኑሮ ዞረ። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በዚያ መድረክ ከተነበቡት መካከል ይነሣል፤ በኋላም የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» በዚያው መንገድ መጣ።

መንግሥት ራሱ ሳያስበው ነገሩን አባባሰው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደነገገ። ዓላማው የመምህራንን እጥረት መሙላትና ተማሪውን ከሕዝቡ ጋር ማስተዋወቅ ነበር፤ ሁለቱም ተሳኩ። ችግሩ ተማሪው በገጠር ያየው ነገር ነው። ጪሰኛው ካመረተው ግማሹንና ከዚያም በላይ ለባለ መሬቱ ሲያስረክብ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። አገልግሎቱ በተጀመረበት በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። የመፈክሩ ዕድሜ ከመንግሥቱ ዕድሜ በለጠ።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን «ትግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ወጣ። የጥቂት ገጾች የተማሪ ጽሑፍ ነበር። የአገሪቱ ፖለቲካ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚከራከረው በእርሱ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በግቢው አካባቢ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ አምጥተው ሲያለቅሱ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ተማሪዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸውን በሰጡበት ግቢ የመንግሥታቸው ወታደር የተማሪ ደም አፈሰሰ። ከዚያ ቀን በኋላ በተማሪውና በዘውዱ መካከል የሚታረቅ ነገር አልቀረም።

ደርግ በ1966 ዓ.ም. ሲነሣ ተማሪው ለአጭር ጊዜ ደገፈው፤ ብዙም ሳይቆይ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ጠየቀ። መልሱ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን መሬት እንዲያከፋፍሉ፣ ገበሬ እንዲያደራጁና ማንበብ እንዲያስተምሩ ወደ ገጠር ተላኩ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ስሙም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተለወጠ። ሲከፈት የተመለሰው ተማሪ ሌላ ግቢ ነው ያገኘው። የኢሕአፓና የመኢሶን መሪዎችና አባላት በብዛት የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ትናንት በአንድ መኝታ ቤት ያደሩት በቀይ ሽብር ዘመን ተገዳደሉ። ከዚያ ያመለጠው ወይ ወደ ጫካ ወይ ወደ ስደት ሄደ። አገሪቱ በዚያ ዘመን ያጣችውን ሰው መልሳ አላገኘችውም።

በዚህ ሁሉ መሀል የትምህርቱ ሥራ አልቆመም። የውጭ መምህራን ሲሄዱ ቦታውን ኢትዮጵያውያን ተረከቡ፤ በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት ተጀመረ። ለማስተርስ ባሕር ማዶ መሄድ ግዴታ መሆኑ ቀረ። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጎንደሩም ኮሌጅ በኋላ ተከተለ።

በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት መሪዎች ለግቢው እንግዳ አልነበሩም። ሕወሓትን የመሠረቱት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው፤ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው ነው ጫካ የገቡት። የኤርትራው ኢሳያስ አፈወርቂም በምሕንድስና ተማሪነት በዚያው አልፈዋል። ያም ሆኖ ግጭቱ ቀጠለ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም በተደረገ የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ተተኩሶ ሰው ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተባረሩ፤ ከእነርሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት ሐኪሞች መካከል የነበሩት ቀዶ ጠጋኙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ለአንድ ትምህርት ክፍል የ30 ዓመት ልምድ ያለውን መምህር ማጣት በቅጥር ማስታወቂያ የሚሞላ ጉድለት አይደለም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣና ማኅበራቸውና ጋዜጣቸው እንዲከፈት ጠየቁ፤ የተከተለው ብጥብጥ በከተማዋ በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የመስፋፋት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። የአዳዲሶቹን መምህራን በማስተርስና በዶክትሬት የማሠልጠኑ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ወደ ዩኒቨርሲቲው ገብተዋል። ዛሬ ግቢዎቹ ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ ተነሥተው በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በልደታና እስከ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ድረስ ተዘርግተዋል።

የራስ ገዝነቱ ጉዳይ ሕጋዊ መልስ ያገኘው በ2015 ዓ.ም. ነው። ራስ ገዝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኖ ተቋቋመ። በዚህ ሥርዓት ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በራሱ መለኪያ ይቀበላል፣ ገቢ ያመነጫል፣ በጀቱንና የሰው ኃይሉን ከቀድሞው በሰፋ ነጻነት ያስተዳድራል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚገቡ ተማሪዎችም ከብሔራዊው ፈተና በተጨማሪ የራሱን የመግቢያ ፈተና መውሰድ ጀምረዋል። ይህ ለውጥ የትምህርት ክፍያና የድሃ ልጅ የመማር ዕድል እንዴት ይጣጣሙ የሚለውን ክርክር ወዲያው አስነሥቷል፤ ተቋሙ ለ70 ዓመታት ተማሪውን ያስተማረው በአብዛኛው በመንግሥት ወጪ ነውና። የቦርድ አባላትን የመምረጡ ሥልጣን፣ የበጀቱ ምንጭና የመምህሩ የመጻፍና የመናገር መብትም ከሕጉ ወጥተው በየዕለቱ አሠራር የሚለዩ ጉዳዮች ሆነው በዩኒቨርሲቲው ሴኔት ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ።